በዓምዶች መካከል የሚሰመረው መስመር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ በዚህ እትም አንድ ላይ መልስ ልንሰጥባቸው ወስነናል። ጉዳዩ በድረ ገጽ ላይ ጎን ለጎን በሚቆሙ ዓምዶች መካከል የሚሰመረው ቀጭን መለያ መስመር ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ሲኤስኤስ የድረ ገጽን መልክ የሚወስን ቋንቋ ነው፤ የትእዛዞቹን ስም በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ጽፈናል፤ በፋይሉ ውስጥ ሲገቡ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ከአንድ ቃል በላይ የሆኑትም በአጭር ሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ክፍላችን የዜና ገጽ በሦስት ዓምድ ከፍዬ እየሠራሁ ነው። ዓምዶቹን በ‹ፍሎት› ጎን ለጎን አቁሜ፣ ለእያንዳንዱ 33.33 በመቶ ስፋት ሰጥቼ፣ በቀኝ ጠርዛቸው የአንድ ፒክስል መስመር አሰመርሁ። ሦስተኛው ዓምድ ወደ ታች ወረደብኝ፤ መስመሩም የየዓምዱ ጽሑፍ ባለቀበት ይቆማል፤ ከመጨረሻው ዓምድ በስተቀኝ ደግሞ ምንም የማይለይ ትርፍ መስመር ቆሟል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ሦስቱም እክሎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ መስመሩ የሁለት ዓምዶች የጋራ መለያ ሆኖ ሳለ ለአንደኛው ዓምድ ብቻ ጠርዝ ተደርጎ ተሰጥቷል። ሁለት ገበሬዎች በወሰናቸው ላይ የሚክቡት የድንጋይ ካብ ከአንደኛው ማሳ ብቻ ተቆርሶ የተካበ እንደሆነ የዚያ ማሳ ስፋት ይቀንሳል፣ የካቡም ርዝመት ማሳው በሚያልቅበት ይወሰናል። በገጽዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሦስተኛውን ዓምድ መውረድ እንመልከት። በሲኤስኤስ የመነሻ ደንብ መሠረት ለአንድ ሳጥን የሚሰጠው ስፋት የይዘቱ ስፋት ብቻ ነው፤ ‹ፓዲንግ› የሚባለው የውስጥ ክፍተትና ‹ቦርደር› የሚባለው ጠርዝ በላዩ ይደመራሉ። ገጹ 1200 ፒክስል ስፋት ቢኖረው ለእያንዳንዱ ዓምድ 400 ገደማ ይደርሰዋል፤ በግራና በቀኝ 20፣ 20 ፒክስል የውስጥ ክፍተትና 1 ፒክስል መስመር ሲጨመርበት 441 ይሆናል፤ የሦስቱ ድምር 1323 ነው። ይህ በ1200 ውስጥ ስለማይገባ ብሮውዘሩ ሦስተኛውን ዓምድ ከሁለቱ በታች ያኖረዋል። የውስጥ ክፍተት ባይኖር እንኳ የመስመሮቹ ሦስት ፒክስል ብቻውን ይህን ለማድረግ ይበቃል። ‹ቦክስ ሳይዚንግ› የሚለውን ትእዛዝ ‹ቦርደር ቦክስ› ቢያደርጉት የሰጡት ስፋት ጠርዙንም የውስጥ ክፍተቱንም ያጠቃለለ ይሆናል፤ ዓምዱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ትእዛዝ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ሳጥኖች መስጠት ዛሬ የተለመደ ልማድ ሆኗል፤ እኛም እንመክረዋለን።

መስመሩ አጥሮ የሚቀረው ደግሞ በ‹ፍሎት› የቆመ ሳጥን ቁመቱ የራሱ ይዘት ቁመት ስለሆነ ነው፤ ጎረቤቱ የቱንም ያህል ቢረዝም እርሱን አይመለከተውም። ገጾች በሰንጠረዥ ይከፈሉ በነበረበት ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ በአንድ ረድፍ ያሉ የሰንጠረዥ ክፍሎች ቁመታቸው ምን ጊዜም እኩል ነውና። ሠሪዎች ሰንጠረዡን ትተው ወደ ‹ፍሎት› ሲያልፉ ይህ እኩልነት ቀረባቸው። በዚህ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ፣ የተስፋፋው ዘዴ መስመሩን በቀጭን ሥዕል ሠርቶ ዓምዶቹን አቅፎ በያዘው ትልቅ ሳጥን ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች መደጋገም ነበር። ዓምዶቹ እኩል ሳይሆኑ እኩል የሆኑ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን የዓምዱ ስፋት በተቀየረ ቁጥር ሥዕሉን እንደገና መሥራት ግድ ይል ስለነበር ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄዱበት ምክንያት የለም።

‹ፍሎት›ንና የ33.33 በመቶውን ስፋት ይተዉና ዓምዶቹን የያዘውን ሳጥን ‹ዲስፕሌይ ግሪድ› ያድርጉት፤ ‹ግሪድ ቴምፕሌት ኮለምስ› በሚለው ትእዛዝም ሦስት እኩል ዓምዶች ይዘዙለት፤ ‹ግሪድ› እ.ኤ.አ. ከማርች 2017 ጀምሮ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ገብቷል፤ ስለዚህ ያረጀ ስልክ የያዘ አንባቢ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። በ‹ግሪድ›ም ሆነ ሳጥኖችን ጎን ለጎን በሚያሰልፈው በ‹ፍሌክስ› በአንድ ረድፍ ያሉ ሳጥኖች ካልተከለከሉ በስተቀር ከረጅሙ እኩል ወደ ታች ይዘረጋሉ፤ ጠርዛቸውም አብሯቸው ይዘረጋል። የሚከለክላቸው ‹አላይን አይተምስ› የተባለው ትእዛዝ ‹ስታርት› ሲሆን ነው። ብዙ ሠሪ ይህን ለሌላ ጉዳይ ጽፎ ይረሳውና «ግሪዱም አልፈየደኝ» ብሎ ይጽፍልናል።

ትርፉን መስመር ለማስወገድ የመጨረሻውን ዓምድ ለይቶ ጠርዙን ማጥፋት ይቻላል፤ የተሻለው ግን ከመጀመሪያውኑ ትርፍ እንዳይኖር ማድረግ ነው። የዓምዱን መጠሪያ ጽፈው፣ የመደመር ምልክት አስከትለው፣ ያንኑ መጠሪያ ሲደግሙት ብሮውዘሩ «ከእርሱ በፊት ሌላ ዓምድ ያለው ዓምድ» ብሎ ይረዳዋል። ለዚህ ብቻ በግራ ጠርዙ መስመር ይስጡት። ዓምዶቹ ሁለት ቢሆኑ አንድ መስመር፣ አራት ቢሆኑ ሦስት መስመር ይወጣል፤ ነገ ዓምድ ቢጨምሩም የሚያርሙት ነገር አይኖርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መስመሩን ከክፍተቱ መካከል ማቆም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለውም ይህ ነው። በዓምዶቹ መካከል ‹ጋፕ› በተባለው ትእዛዝ የ40 ፒክስል ክፍተት ከሰጡና መስመሩን በግራ ጠርዝ ካሰመሩ፣ ክፍተቱ ሁሉ ከመስመሩ በስተግራ ይውላል፤ በስተቀኝ ግን መስመሩ ከጽሑፉ ጋር ይጣበቃል። የተለመደው ማስተካከያ ክፍተቱን ወደ 20 ቀንሶ ሌላውን 20 መስመር ላላቸው ዓምዶች የግራ ‹ፓዲንግ› አድርጎ መስጠት ነው። ለጽሑፍ ይህ ይበቃል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዓምድ መስመርም የግራ ክፍተትም ስለሌለው ይዘቱ ከሌሎቹ በ21 ፒክስል ይሰፋል፤ በየዓምዱ አናት ላይ ፎቶግራፍ የተቀመጠ እንደሆነ የመጀመሪያው ፎቶ ከጓደኞቹ ተለቅ ብሎ ይታያል፤ የዜና ገጽ ደግሞ ያለ ፎቶ አይሆንም።

ስለዚህ ለእርስዎ ገጽ የምንመርጠው መስመሩን ከዓምዱ ጠርዝ ጨርሶ አውጥቶ በክፍተቱ ውስጥ ማቆም ነው። የመስመሩ ቦታ ከዓምዱ ተነሥቶ እንዲለካ ዓምዱን ‹ፖዚሽን ሬላቲቭ› ያድርጉት። ከዚያም ‹ቢፎር› በሚባለው፣ የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ሳይነካ በሲኤስኤስ ብቻ በሚፈጠረው ሳጥን፣ ይዘቱ ባዶ፣ ስፋቱ 1 ፒክስል፣ ‹ፖዚሽን›ኑ ‹አብሶሉት›፣ ከላይና ከታች ዜሮ፣ ከግራ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ፒክስል የሆነ መስመር ያቁሙ፤ ቀለሙን በጀርባ ቀለም ይሰጡታል። መስመሩ ከ40 ፒክስሉ ክፍተት መካከል ይቆማል፤ የግማሽ ፒክስል ልዩነት አለችው፣ አይጨነቁባት። ከማንም ዓምድ ስፋት አይቀንስም፣ ፎቶዎቹም እኩል ይሆናሉ።

የዚህ ዘዴ ሌላው ጥቅም የሚታየው ዓምዶቹ በዝተው ወደ ሁለተኛ ረድፍ በሚያልፉበት ጊዜ ነው። መስመሩን ያለ ልዩነት ለሁሉም ዓምድ ይስጡና ዓምዶቹን የያዘውን ሳጥን ‹ኦቨርፍሎው ሂድን› ያድርጉት፤ ትልቁ ሳጥን የራሱ የግራ ‹ፓዲንግ› እስከሌለው ድረስ በየረድፉ መጀመሪያ ያለው ዓምድ መስመር ከሳጥኑ ውጭ ስለሚወድቅ ተቆርጦ ይጠፋል፤ በመካከል ያሉት ብቻ ይቀራሉ። የትኛው ዓምድ የረድፍ መጀመሪያ እንደሚሆን መቁጠር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ

ስለ መንዝ በርኖስና ባና አሠራር የጻፍሁት ረዘም ያለ ጽሑፍ አለኝ። እንደ ጋዜጣ በሁለት ዓምድ እንዲፈስ ‹ኮለም ካውንት› ሁለት ብዬ አዘዝሁ፤ ተከፈለልኝ። ‹ኮለም ሩል› በሚለው ትእዛዝ የመስመሩን ውፍረትና ቀለም ጻፍሁ፤ መስመሩ ግን አልወጣም። ኮምፒውተሬ ይሆን እንዴ ያረጀው?

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ ምንም አልሆነም፣ እኅታችን። ‹ኮለም ሩል› ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ውፍረት፣ ዓይነትና ቀለም። ከሦስቱ ዓይነቱ ካልተጻፈ ብሮውዘሩ «ምንም» ብሎ ስለሚወስደው፣ የቀሩት ሁለቱ በትክክል ቢጻፉም መስመር አይታይም። በውፍረቱና በቀለሙ መካከል ‹ሶሊድ› የሚለውን ቃል ያስገቡ፤ ወዲያው ይወጣል። ነጠብጣብ ሲፈልጉ ‹ዶትድ›፣ ቁርጥራጭ ሲፈልጉ ‹ዳሽድ›፣ ድርብ ሲፈልጉ ‹ደብል› ይሉታል፤ ድርቡ ሁለት ሆኖ እንዲለይ ግን ቢያንስ 3 ፒክስል ውፍረት ይስጡት።

አንድ ጽሑፍ ከዓምድ ወደ ዓምድ እንዲፈስ ሲፈለግ ከዚህ ትእዛዝ የተሻለ የለም፤ መስመሩ በክፍተቱ መካከል በራሱ ይቆማል፣ የረጅሙን ዓምድ ቁመት ይከተላል፣ ቀጥሎት ያለው ዓምድ ባዶ ከሆነም አይሰመርም። ቦታም አይወስድም። ውፍረቱን ከ1 ፒክስል ወደ 10 ቢያሳድጉት ጽሑፉ ንቅንቅ አይልም፤ ከክፍተቱ በላይ ቢያወፍሩት ግን በሁለቱም ወገን ከፊደላቱ ሥር ይገባል። ስለዚህ አስቀድመው ክፍተቱን ይወስኑ። ‹ኮለም ጋፕ› ካልተጻፈ በቀር ክፍተቱ አንድ ኤም፣ ማለትም በ16 ፒክስል ጽሑፍ 16 ፒክስል ነው፤ መስመሩ መካከሉ ላይ ሲቆም ለእያንዳንዱ ወገን ከ8 ፒክስል ያነሰ ይደርሰዋል። ይህ ለአማርኛ ጽሑፍ ጠባብ ነው። ከ2 እስከ 2.5 ኤም ይስጡት።

እዚህ ላይ የእኛ ጽሑፍ የራሱ ጠባይ እንዳለው ማሰብ ይገባል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በአንድ ቃል አቅፎ ስለሚረዝም፣ በጠባብ ዓምድ ውስጥ የመስመሮቹ መጨረሻ በጣም ገባ ወጣ ይላል። በስተግራ ያለው ዓምድ የቀኝ ዳር ሲሸራረፍ፣ የቀኙ ዓምድ መነሻ ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በትክክል መካከል ላይ የቆመው መለያ መስመር እንኳ ወደ ቀኝ የተጠጋ ይመስላል። ይህን ለማስተካከል ሁለቱንም ዳር ቀጥ የሚያደርገውን ‹ጀስቲፋይ› የሚጠቀሙ አሉ፤ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ግን በቃላት መካከል ሰፋፊ ባዶ ቦታ እየተወ ከበፊቱ የባሰ ያስከፋዋል። የሚበጀው ዓምዱን ማስፋት ነው።

ስፋቱን ሲለኩ ‹ሲኤች› በሚባለው መስፈሪያ አይተማመኑ፤ መለኪያው የዜሮ አኃዝ ስፋት ነው፤ ከፊደላችን አብዛኛው ደግሞ ከዜሮ ይሰፋል፤ ስለዚህ 40 ‹ሲኤች› ያሉት ዓምድ 40 የአማርኛ ፊደል አይይዝልዎትም። በ‹ኤም› ይለኩ። ደግሞም ‹ኮለም ካውንት› ብለው የዓምዱን ቁጥር ከመወሰን ይልቅ ‹ኮለም ዊድዝ› ብለው ዝቅተኛውን ስፋት፣ ለምሳሌ 22 ኤም፣ ቢወስኑ ይሻላል፤ ስክሪኑ ሰፊ ሲሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ይወጣል፣ በስልክ ላይ አንድ ብቻ ይሆናል፣ መስመሩም ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ይጠፋል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በጋዜጣ ላይ ዓይን ከአንደኛው ዓምድ ግርጌ ወደ ሁለተኛው አናት በቀላሉ ይዘልላል፤ በስክሪን ላይ ግን ዓምዱ ከስክሪኑ ቁመት ከረዘመ አንባቢ እስከ ታች ወርዶ እንደገና እስከ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ረጅም ያሉት ጽሑፍዎ በንኡስ ርእሶች የተከፈለ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ንኡስ ርእስ ‹ኮለም ስፓን ኦል› ያድርጉት። ርእሱ በሁለቱም ዓምዶች ላይ ይዘረጋል፤ ከርእሱ በላይ ያለው ጽሑፍ ለብቻው በሁለት ዓምድ ይከፈላል፣ ከበታቹ ያለውም እንዲሁ፤ መለያ መስመሩም ርእሱ ዘንድ ተቋርጦ ከሥሩ ይቀጥላል። የፎቶና የፎቶ መግለጫ በሁለት ዓምድ እንዳይለያዩብዎ ደግሞ ‹ብሬክ ኢንሳይድ አቮይድ› ይበሉ።

‹ኮለም ሩል› በ‹ግሪድ› ላይ ለምን አይሠራም የሚል ጥያቄ ከዚህ በፊትም ቀርቦልን ነበር። ትእዛዙ የተደነገገው ለሚፈስ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ ‹ግሪድ›ና ወደ ‹ፍሌክስ› እንዲሻገር፣ ለአግድም ክፍተቶችም ‹ሮው ሩል› የሚባል እንዲጨመር የሚጠይቅ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቶ በክሮምና በኤጅ መሞከር ጀምሯል። ሁሉም ብሮውዘሮች እስኪቀበሉት ድረስ ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂያችን የሰጠነው መልስ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት

የማሾ፣ የሽንኩርትና የጤፍ ዕለታዊ ዋጋ የማወጣበት ገጽ አለኝ። የእህሉን ስም በአንድ ዓምድ፣ የትናንቱን ዋጋ በሁለተኛው፣ የዛሬውን በሦስተኛው አድርጌ በመካከላቸው ቋሚ መስመር ለማስመሰል በየረድፉ የቁም ጭረት ምልክት በኪቦርድ እጽፋለሁ። ምልክቶቹ በአንድ መስመር አይገጥሙም፤ የእህሉ ስም ረዝሞ ሁለት መስመር ሲሆን ደግሞ ዋጋው ከስሙ ጋር አይተያይም።

መልስ፦ የእርስዎ ገጽ የዓምድ ሳይሆን የሰንጠረዥ ጉዳይ ነው። ሰንጠረዥን ለገጽ መክፈያ መጠቀም ቀርቷል ማለት ሰንጠረዥ ራሱ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ስምና ዋጋ በረድፍና በዓምድ ሲገናኙ የኤችቲኤምኤል ‹ቴብል› የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በኪቦርድ የሚጻፈውን ጭረት ይተዉት። የፊደላት ስፋት ስለሚለያይ በቀጥታ ሊሰለፍ አይችልም፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌርም ጭረቱን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ በየረድፉ ሊያነበው ይችላል።

ሰንጠረዡን ‹ቦርደር ኮላፕስ› የሚለውን ትእዛዝ ‹ኮላፕስ› አድርገው ይሥሩ፤ ያለዚያ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠርዝ ይዘው ድርብ መስመር ይሠራሉ። ሁሉንም ክፍል በሣጥን ከማጠር ግን ይታቀቡ። ለዋጋ ሰንጠረዥ ከእህሉ ስም በኋላ አንድ ቋሚ መስመር፣ ከየረድፉ በታች ደግሞ ፈዘዝ ያለ አግድም መስመር ይበቃል፤ ቁጥሮቹን ወደ ቀኝ ቢያስጠጓቸው መቶው ከመቶ፣ አሥሩ ከአሥር ሥር ስለሚውል በሁለቱ ዋጋዎች መካከል መስመር ባይኖርም አይምታቱም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና

አነስተኛ አልጋ ቤት አለኝ። የወንድሜ ልጅ ገጽ ሠርቶልኝ ስለ ክፍሎቹ፣ ስለ ምግቡና ስለ መንገዱ በሦስት ዓምድ ጽፏል፤ በመካከላቸውም መስመር አለ። በኮምፒውተር ሲታይ ያምራል። መንገደኞች ግን በስልክ ነው የሚያዩት፤ በስልክ ዓምዶቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ሲደረደሩ መስመሩ ከግራ በኩል ያለ ምክንያት ቆሞ ይቀራል። ልጁ ደግሞ መስመሩን ደማቅ ጥቁር ካላደረግሁ አይታይም ይላል።

መልስ፦ ለወንድምዎ ልጅ ይህን ያንብቡለት። ስታይሉን ሲጽፍ ከስልኩ ይጀምር፤ ዓምድ የሌለበትን፣ አንዱ ከአንዱ ሥር የተደረደረበትን ገጽ አስቀድሞ ይሥራ፤ በዚህም ሁኔታ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ለየክፍሉ ከላይ አግድም መስመር ይስጠው። ቋሚውን መስመርና ዓምዶቹን ደግሞ በ‹ሚዲያ› ደንብ፣ የስክሪኑ ስፋት ቢያንስ 800 ፒክስል ሲሆን ብቻ እንዲሠሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ደንብ ውስጥ አንድ ላይ ይጻፋቸው፤ እዚያው ላይም የላይኛውን መስመር ያጥፋ። ዓምዱ በአንድ ስፋት፣ መስመሩ በሌላ ስፋት ከታዘዙ በሁለቱ መካከል ባለ ስክሪን ላይ የእርስዎ ዓይነት ብቻውን የቀረ መስመር መታየቱ አይቀርም። 800 የሚለው ቁጥር ሕግ አይደለም፤ ዓምዶቹ ተጨናንቀው ለማንበብ የሚያስቸግሩበትን ስፋት መስኮቱን እያጠበበ ራሱ ይፈልገው።

ስለ ቀለሙ ግን ከእርሱ ጋር አንስማማም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ይዘቱን ለመረዳት ግድ የሆኑ ምልክቶች ከጀርባቸው ጋር ቢያንስ 3 ለ 1 የቀለም ልዩነት እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ለጌጥ ብቻ የተሰመረን መስመር ግን በዚህ አያስገድድም። የእርስዎ ዓምዶች እያንዳንዳቸው ርእስ ካላቸውና በመካከላቸው በቂ ክፍተት ካለ፣ መስመሩ ባይኖርም እንግዳው አይሳሳትም፤ እንግዲያው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይበቃዋል። ደማቅ ጥቁር መስመር ከጽሑፉ ቀድሞ ዓይን ይስባል፤ መንገደኛው የሚፈልገው የአልጋውን ዋጋ እንጂ መስመሩን አይደለም። ልጁ «አይታይም» ያለው ምናልባት ክፍተቱ ስለጠበበ ይሆናል፤ መስመሩን ከማጥቆር በፊት ክፍተቱን አስፍቶ ይመልከተው። ብዙ ጊዜ በዚህ ያበቃል፤ አንዳንዴም መስመሩ ጭራሽ እንደማያስፈልግ ይገለጣል።

ቀለሙን ሲመርጥ ደግሞ ስልካቸውን በጨለማ ገጽታ የሚጠቀሙትን ያስብ። ገጹ ያንን ገጽታ የሚከተል ከሆነ በነጭ ላይ የተመረጠ ግራጫ በጥቁር ላይ ሊያንጸባርቅ ይችላል፤ የጽሑፉን ቀለም የሚከተለውን ‹ከረንት ከለር› ወስዶ ቢያፈዝዘው በሁለቱም ዘንድ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር

መምህር ነኝ፤ የአካባቢያችንን ታሪክ የሚመለከት ገጽ በሁለት ዓምድ አሰናድቻለሁ። በብራና መጻሕፍት ላይ እንደሚታየው በዓምዶቹ መካከል ሐረግ እንዲወርድ እፈልጋለሁ፤ ተራ መስመር አይበቃኝም። ደግሞ ገጹን ለተማሪዎች በወረቀት ሳትመው ለሙከራ ያስቀመጥሁት ሐረግ ጠፋብኝ።

መልስ፦ የቀድሞ ጸሐፍት ብራናውን በወስፌ ወግተው፣ ያለ ቀለም በሾለ ነገር ጭረው መስመር ያወጡ ነበር፤ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለውን ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይተዉታል። ሐረጉ የሚሣለው በመጽሐፉ ወይም በዐቢይ ክፍሉ መጀመሪያ፣ በገጹ አናት ላይ ሆኖ አንዳንዴ በጎንና በመካከል ወደ ታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ምክራችን ልማዱንም የሚከተል ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሐረግ ያውርዱ፣ በሚከተሉት ላይ ክፍተቱን ባዶ ይተዉት ወይም ቀጭን መስመር ያድርጉበት። በየገጹ የሚወርድ ሐረግ ማንበብን ያውካል።

አሠራሩ ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ እንደገለጽነው ነው፤ በ‹ቢፎር› የተፈጠረውን ሳጥን ከ1 ፒክስል ወደ 16 ወይም 20 አስፍተው ክፍተቱንም በዚያው መጠን ይጨምሩና፣ ከቀለም ይልቅ የሐረጉን ሥዕል በጀርባው ያስቀምጡ። ሳጥኑ ሲሰፋ ከግራ የሚቀነሰውም መጠን ሊስተካከል ይገባል፤ ክፍተቱ 60፣ ሐረጉ 20 ፒክስል ቢሆን ከዜሮ በታች 40 ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን 20 ይቀራል። ሥዕሉን ቢተልቅም በማይደበዝዘው በኤስቪጂ ዓይነት ቢያዘጋጁት በየትኛውም ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ የሐረግ አንጓ ብቻ ሠርተው ወደ ታች እንዲደጋገም ያዝዛሉ፤ የአንጓው የላይ ጫፍ ከታች ጫፉ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ለድግግሞሹ ‹ራውንድ› የሚለውን ቢመርጡ ብሮውዘሩ የአንጓውን ቁመት በጥቂቱ እያስተካከለ ሙሉ ቁጥር ያለው አንጓ ስለሚያወርድ ሐረጉ በመጨረሻ ላይ ተቆርጦ አይቀርም።

በወረቀት ላይ መጥፋቱ የተለመደ ነገር ነው። ብሮውዘሮች ቀለም ለመቆጠብ ሲሉ የጀርባ ቀለምንና የጀርባ ሥዕልን አያትሙም፤ በ‹ቦርደር› የተሰመረ መስመር ግን ይታተማል። ሐረጉ የግድ ይታተም ካሉ ‹ፕሪንት ከለር አድጀስት› የሚለውን ትእዛዝ ‹ኤግዛክት› ያድርጉት፤ ወይም በማተሚያው መስኮት ላይ የጀርባ ሥዕል እንዲካተት የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ። ለክፍል ሙሉ ተማሪ የሚባዛ ከሆነ ግን ለማተሚያ የተለየ የ‹ፕሪንት› ደንብ ጽፈው የ‹ቢፎር› ሳጥኑን ስፋት ዜሮ፣ የጀርባ ሥዕሉን ‹ነን›፣ የግራ ጠርዙን ደግሞ የ1 ፖይንት ጥቁር ‹ሶሊድ› ያድርጉት፤ ከግራ የሚቀነሰውንም ወደ 30 ይመልሱት። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ረቂቁ ሐረግ ይደበዝዛል፤ ቀጥ ያለው መስመር ግን ይወጣል።